ምዕራፍ 7፦ በሽታም ከፍታ አለው

በማለዳ የድሬዳዋ ገበያ ቀፊራ የገባ ሰው የምሥራቁን አገር ካርታ ጆንያ ላይ ተዘርግቶ ያገኘዋል። ድንቹ፣ ካሮቱና ጥቅል ጎመኑ ከተራራው የወረደ ነው፤ የተነቀለበት አፈር ገና ከላዩ አልረገፈም። ፓፓያው፣ ሎሚውና ቲማቲሙ የቆላ ነው። የግመል ወተት ይዘው የተቀመጡት ሴቶች የመጡት ከበረሃው በኩል ነው። ድንች ሻጯን «ይሄ የየት ነው?» ብትሏት ቀና ሳትል «የቁልቢ ነው አቦ!» ትላለች። ጥያቄው ራሱ ይገርማታል። ሺኒሌ ሜዳ ላይ ድንች፣ ቁልቢ ላይ ፓፓያ የሚፈልግ ማን አለ?

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ተኝታለች። በስተደቡብ ወደሚታየው ተራራ የሚወጣውን ጠመዝማዛ መንገድ ይዛችሁ ደንገጎን ስታልፉ ጆሯችሁ ይደፈናል፤ ጠዋት ያወለቃችሁት ሹራብ ትዝ ይላችኋል። ሐረማያ ስትደርሱ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ። አየሩ በየ100 ሜትሩ ግማሽ ዲግሪ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ ከአንድ ሰዓት ባልራቀ ጉዞ ሌላ አገር ገብታችኋል ማለት ነው። አያቶቻችን ይህን አገር ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋ ብለው ሲከፍሉት ስለ ሙቀትና ብርድ ብቻ አልነበረም የሚናገሩት። ምን እንደሚዘራ፣ ምን ከብት እንደሚረባ፣ ምን በሽታ እንደሚይዝም ጭምር እየነገሩን ነበር። ደገኛው ቆላ ወርዶ ማደርን የሚፈራው ንዳድን፣ ማለትም ወባን፣ ፈርቶ ነው።

በምዕራፍ 4 ያነሳነው የድሬዳዋ ወባ ይህን የአያቶች ካርታ ያናወጠ ታሪክ ነበር። ከእስያ የመጣችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች። ረግረግ ሳትፈልግ በበርሜልና በሮቶ ውኃ እየተራባች በ2022 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋን መሐል ከተማዋ ላይ በወረርሽኝ መታቻት። እዚያ ምዕራፍ ላይ ጥያቄያችን አንዲት ነፍሳት አገር ለአገር እንዴት እንደምትዞር ነበር። አሁን የተገላቢጦሹን እንጠይቃለን፦ ሰው ሲወጣ ሲወርድ፣ ጭነት መኪናው ሌሊት ከሌሊት ሲመላለስ፣ አንዳንዱ በሽታ ለምን ከተራራው አይወርድም? ምሳሌያችን ቁንጭር ነው። ድንቹ ቀፊራ ድረስ ይወርዳል፤ የድንቹ ማሳ ግን አይወርድም። ይህን የድንችና የማሳ ልዩነት ይዛችሁ ቆዩ፤ ምዕራፉን በሙሉ የምናነበው በእሱ ነው።

ብዙ ስም ያለው ቁስል

አማርኛ ተናጋሪው አካባቢ በሰፊው ቁንጭር ይለዋል። ወደ ትግራይ ስትሻገሩ ጊዝዋ፣ ጋሞ ተራሮች ላይ ቦልቦ ይባላል። ሐኪሞች ደግሞ የቆዳ ሌሽማኒያሲስ ይሉታል። ለአንድ ቁስል ይህን ያህል ስም መኖሩ ሰዉ አብሮት የኖረው ከጥንት ጀምሮ መሆኑን ያሳያል። በሌላውም ዓለም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። የሐለብ እባጭ፣ የባግዳድ እባጭ፣ የቢስክራ እባጭ እየተባለ በከተማ ስም ሲጠራ ኖሯል። ሕዝቡ መንስኤውን ሳያውቅ አድራሻውን ግን አውቆት ነበር።

ቁንጭር ሲጀምር ከብጉር አይለይም። ብዙ ጊዜ የሚወጣው ጉንጭ፣ አፍንጫ ወይም ጆሮ ላይ ነው። ስለማያም ማንም ቁም ነገር አይለውም። ሳምንታት አልፈው ወራት ሲተኩ ይሰፋል፣ ይላጣል፣ ቅርፊት ያበጃል። አብዛኛው ሰው ላይ አንድ ቦታ ተወስኖ ይቆይና ከዓመት ወይም ከዓመታት በኋላ በራሱ ይሽራል፤ ጠባሳው ግን ዕድሜ ልክ ፊት ላይ ይኖራል። አንዳንዱ ላይ ወደ አፍንጫና ከንፈር ውስጠኛ ክፍል ዘልቆ ፊትን ያበላሻል። ጥቂቶች ላይ ደግሞ ሳይቆስል እንደ እባጭ እየሆነ መላ ቆዳን ያዳርሳል፤ ሰውነታቸው ጠላትን ለይቶ መዋጋት ያቃተው ሰዎች ናቸው። ይህ የመጨረሻው ዓይነት ከሥጋ ደዌ ጋር ክፉኛ ይመሳሰላል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ልዕልት ዘነበወርቅ ሆስፒታል፣ ዛሬ አለርት በምንለው ቦታ፣ እንግሊዛዊው ሐኪም አንቶኒ ብራይሰን እነዚህን ሕሙማን ተከታትሎ በ1969 እ.ኤ.አ. ያሳተማቸው ጽሑፎች እስከ ዛሬ ይጠቀሳሉ። ሥጋ ደዌ ባልሆነ በሽታ ምክንያት የሥጋ ደዌን መገለል መሸከም ምን እንደሚመስል ሳስብ ልቤ ይደማል። በሽታ የማያስተላልፍባቸውን ሰው ፈርተው ማዕድ የከለከሉት ጎረቤቶችም ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ ከ600 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ሰው በቆዳ ሌሽማኒያሲስ አዲስ እንደሚያዝ ይገምታል። ለኢትዮጵያ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ግምት በዓመት ከ20 ሺህ እስከ 50 ሺህ ነው። በግምቱ ጫፎች መካከል ያለው ርቀት ራሱ ብዙ ይናገራል፤ አብዛኛው ታማሚ ጤና ጣቢያ ደርሶ አይመዘገብም። ገደል ሥር ያለ መንደር ከመኪና መንገድ ሩቅ ነው።

አሸዋ ላይ የማትኖረው የአሸዋ ዝንብ

በሽታውን የምታስተላልፈው ነፍሳት በአማርኛ «የአሸዋ ዝንብ» ተብላለች። የድሬዳዋ ሰው ይህን ስም ሲሰማ መጀመሪያ የሚመጣለት የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ነው። ስሟ ግን ያሳስታል። ስሙ የተሰጣት ለአሸዋ በሚቀርበው መልኳ ነው እንጂ አሸዋ መኖሪያዋ አይደለም። ዝንብም አትመስልም፤ ከትንኝ የምታንስ፣ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የምትሆን፣ ጠጉራም፣ ስታርፍ ክንፎቿን ወደ ላይ የምትሰቅል ፍጥረት ናት። ድምፅ የላትም። ትንኝ ጆሮ ሥር እየጮኸች ትመጣለች፤ ይቺ ግን ሳትሰማ መጥታ ሳትሰማ ትሄዳለች። የምትነክሰው ሴቷ ብቻ ናት፤ ለዕንቁላሏ ደም ያስፈልጋታል። የምትነክሰውም ከምሽት እስከ ንጋት ነው።

ሁለት ጠባዮቿ ለእኛ ታሪክ ወሳኝ ናቸው። አንደኛው፣ በራሪ ብትሆንም በረራዋ ደካማ ነው። እየነጠረች ትሄዳለች ቢባል ይቀላል። ትንሽ ነፋስ ካለ ትቀመጣለች። ዕድሜዋን በሙሉ ብዙውን ጊዜ ከተፈለፈለችበት ጥቂት መቶ ሜትር አትርቅም። ሁለተኛው ጠባይዋ ከወባ ትንኝ ፈጽሞ ይለያታል፦ ዕንቁላሏን የምትጥለው ውኃ ላይ አይደለም። እርጥበት ያለው፣ ጨለማ፣ የበሰበሰ ቅጠልና ፋንድያ የተጠራቀመበት ስንጥቅ ትመርጣለች። በምዕራፍ 4 በርሜል በመክደን፣ ሮቶ በማጽዳት ትንኝን እንዴት እንደምንቀንስ አይተን ነበር። የአሸዋ ዝንብን ማሳደጊያ ግን የሚከድን ሰው የለም፤ ተራራ አይከደንም።

በሆዷ የምትይዘው ጥገኛ ተሕዋስ በዓይን የማይታይ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት ነው። እሱን ከያዘ እንስሳ ደም ጋር ገብቶ ቀጭንና ባለ ጅራት ሆኖ አንድ ሳምንት ገደማ ይራባል። ከዚያ እንደ ዝልግልግ ነገር ሆኖ የዝንቧን ጉሮሮ ይደፍናል። ጀበናችሁ አተላ ሲደፍነው ምን ታደርጋላችሁ? ቡናው እንዲወርድ ትነቀንቁታላችሁ፤ መጀመሪያ የሚወጣው የደፈነው አተላ ነው። ዝንቧም እንዲሁ ደም ለመሳብ ስትታገል የደፈናትን መልሳ ቆዳ ውስጥ ትተፋለች። ሰውነታችን ወራሪውን የሚውጡ ነጭ የደም ሕዋሳት፣ ዘብ እንበላቸው፣ ወዲያው ይልካል። ጥገኛው ተሕዋስ ይዋጣል፤ ነገር ግን አይሞትም። ጅራቱን ጥሎ ክብ ሆኖ እዚያው በዋጠው ዘብ ሆድ ውስጥ ይራባል። ሌባው ከዘበኛው ጎጆ ገብቶ ተኝቷል፤ ቁስሉ ያን ያህል ጊዜ የሚቆየውም ለዚህ ነው።

ቁስሉ ለምን ፊት ላይ እንደሚበዛም ከዚህ ይገባናል። ደጋ ይበርዳል። ሰው ጋቢና ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሲተኛ ውጭ የሚቀረው ፊቱ ብቻ ነው፤ ሕፃን ልጅ ደግሞ ዝንቧን የሚያባርርበት እጁ ከውስጥ ነው።

ያልታመመው ባለቤት

እስካሁን ተሕዋሱን የያዘ እንስሳ አልን እንጂ የትኛው እንደሆነ አልተናገርንም። ሽኮኮ ነው። ጥንቸል የምታክለው፣ ዓለት ላይ ፀሐይ ስትሞቅ የምትታየው፣ ሰው ሲቀርብ ፉጨት የመሰለ ድምፅ አሰምታ ስንጥቅ ውስጥ የምትሰወረው ሽኮኮ። የሥጋ ዘመዷ ጥንቸል ሳትሆን ዝሆን ናት። ዳዊት በመዝሙሩ ዓለቱን ለሽኮኮ መሸሸጊያ አድርጎ ሲያነሳው የጻፈው አንድ ቤትና አንድ ነዋሪ የማይለያዩ መሆናቸውን አይቶ ነው። የሰውነቷን ሙቀት እንደ ሌሎቹ አጥቢዎች አጥብቃ መያዝ ስለማትችል ማለዳ ፀሐይ፣ ማታ ስንጥቅ የግድ ያስፈልጋታል። ጎጆዋ የሙቀት መቆጣጠሪያዋ ነው።

ሽኮኮዎች በመንጋ ይኖራሉ፤ ደግሞም የሚጸዳዱት አንድ የጋራ ቦታ ላይ ነው። ዓመት ከዓመት የሚከመረው ኩስ ስንጥቁን ይሞላዋል። አሁን የአሸዋ ዝንብን ፍላጎት አስታውሱ፦ እርጥበት፣ ጨለማ፣ የበሰበሰ ነገር፣ አጠገቡ ደግሞ ሞቅ ያለ ደም። አንድ ስንጥቅ ውስጥ አዳራሹም፣ ምግቡም፣ የልጆች ማሳደጊያውም ተሟልቶ ይገኛል። ዝንቧ ከሽኮኮ ትጠጣለች፣ ተሕዋሱን ለሌላ ሽኮኮ ታቀብላለች፤ ሰው በሌለበት ገደል ይህ ዑደት ለዘመናት ሲዞር ኖሯል። ሽኮኮዋ አፍንጫዋና ጆሮዋ ላይ ተሕዋሱን ይዛ ስትኖር የምትታመም አትመስልም። ሰው በዚህ ገበያ ሻጭም ሸማችም አይደለም። መንገዱ በዚያ በኩል ስለሆነበት ተገፍቶ የገባ አላፊ አግዳሚ ነው።

ብዙ ቦታ ሕዝቡ ቁንጭርን ያመጣችው የሌሊት ወፍ ናት፣ ሽንቷ ፊት ላይ ጠብ ብሎ ነው ይላል። ይህን እንደ ተራ አጉል እምነት ማለፍ ለእኔ ስህተት ነው። የሌሊት ወፍ የምትኖረው የት ነው? ዋሻ ውስጥ። የምትወጣው መቼ ነው? ማታ። ሰዎቹ ቦታውንም ሰዓቱንም በትክክል ይዘውታል። ሳይታዩ የቀሩት በዚያው ዋሻ፣ በዚያው ሰዓት የምትወጣው ድምፅ አልባዋ ዝንብና ቀን ቀን ደጅ ተቀምጣ የምትታየው ሽኮኮ ናቸው።

ኦቾሎ፣ ኩታበርና አሌኩ

ይህ ሁሉ የታወቀው በላቦራቶሪ ብቻ አይደለም፤ ሰዎች ገደል ወጥተው ነው። በምዕራፍ 2 በእንዶድና በብልሃርዚያ ያስተዋወቅኳችሁ ዶክተር አክሊሉ ለማ እዚህም አለ። በ1966 እ.ኤ.አ. የመሠረተው፣ ዛሬ በስሙ የሚጠራው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ገና ለጋ ሳለ፣ በ1969 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቹ ጋር ስለ ደጋው የቆዳ ሌሽማኒያሲስ የመስክ ጥናት አሳተመ። ከእነሱ በፊት በሽታው በአገራችን መኖሩ ከ1913 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጽሑፍ ይታወቅ ነበር፤ ከየት እንደሚመጣ ግን አይታወቅም ነበር። በ1973 እ.ኤ.አ. ብሬይ፣ አሽፎርድና ሌላ ብሬይ ተሕዋሱ ከሌላው ዓለም የተለየ መሆኑን አሳይተው ሌሽማኒያ ኢትዮጲካ አሉት። በዚያው ዓመት አሽፎርድና ጓደኞቹ ከወሎ ኩታበር፣ ከወለጋ አሌኩና ከጋሞ ኦቾሎ የሰበሰቡትን አቀረቡ፦ ሽኮኮው፣ ዝንቧና ሰዉ አንድ ዓይነት ተሕዋስ ይጋራሉ።

ከሦስቱ ኦቾሎ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ከአርባ ምንጭ ብዙም የማይርቅ፣ ዓለታማ ጉብታ ላይ የተሠራ መንደር ነው። ቤቶቹ የተቀለሱት በትልልቅ ቋጥኞች መካከል ነው፤ የአንዱ ቤት የጓሮ ግድግዳ ራሱ ቋጥኝ ይሆናል፣ ቋጥኙ ውስጥ ደግሞ ሽኮኮ አለ። እንሰቱ ጥላ ይሰጣል፣ እርጥበት ይይዛል። ስለዚህ እዚያ ማንም ወደ በሽታው አይሄድም፤ ሰውና ሽኮኮ አንድ አጥር ተጋርተዋል። በ1992 እ.ኤ.አ. የታተመ ዳግም ጥናት ከነዋሪው በመቶ አራት ያህሉ ላይ በዚያን ሰዓት ያልሻረ ቁስል አግኝቷል፤ ቁስሉ በብዛት የታየው ከአሥር ዓመት በታች ባሉት ልጆች ላይ ነበር። አዋቂዎቹ ያመለጡ እንዳይመስላችሁ። እነሱ በልጅነታቸው ታመው የዳኑ፣ ጠባሳውንም መከላከያውንም ይዘው የቀሩ ናቸው። ይህ የዕድሜ ቅርጽ ለሚያነበው ሰው ዓረፍተ ነገር ነው፦ «እዚህ በሽታው እንግዳ አይደለም፤ ቤተኛ ነው» ይላል።

ከዚህ የተለየ ቅርጽ ያለው የ2005 እ.ኤ.አ. የስልጤ ወረርሽኝ ነው። አካባቢውን አዲስ እንደሆነ ነገር አስደነገጠው፤ ከተመረመሩት መቶ ሰዎች አምስት ያህሉ ታመው ተገኙ። ቤተኛ በሆነበት ቦታ በብዛት የሚታመሙት ልጆች ናቸው፤ በድንገት ሲመጣ ግን መከላከያ ያልያዘው አዋቂም ይጋለጣል። ስለዚህ አንድ የጤና ባለሙያ አዲስ ቀበሌ ሲገባ ስንት ሰው ታሟል ከማለቱ በፊት የታመሙት ዕድሜያቸው ስንት ነው ቢል ብዙ ያተርፋል።

ለምን 1,400? ለምን 2,700?

በአገራችን ካርታ ላይ ቁንጭር የተገኘባቸውን ቦታዎች ነጥብ ብታደርጉ ነጥቦቹ በአብዛኛው ከ1,400 እስከ 2,700 ሜትር ከፍታ ባለው ቀበቶ ውስጥ ይወድቃሉ። ከትግራይ ገደሎች ተነስቶ በወሎና በጎንደር፣ በሸዋ በኩል አልፎ እስከ ጋሞ ይዘልቃል። ድንበር ተሻግሮም ኬንያ ውስጥ ኤልጎን ተራራ ዋሻዎች ላይ ያው ተሕዋስ ከሽኮኮ ጋር ይገኛል። በሁለቱ ፍሌቦቶመስ በሚባሉ ዝንቦች መካከልም የሥራ ክፍፍል የመሰለ ነገር አለ። ሰሜኑንና መሐሉን ፍሌቦቶመስ ሎንጂፔስ፣ ደቡብ ምዕራቡን እስከ ኤልጎን ፍሌቦቶመስ ፔዲፈር ይዘውታል።

ከላይ ገደቡን የሚያበጀው ውርጭ ነው። ዕንቁላሉና ትሉ እስኪያድጉ ሳምንታት ይፈጃሉ፤ ብርዱ በበረታ መጠን ይዘገያሉ። እንግዲህ 2,500 ሜትር ላይ እንዴት ይተርፋሉ? ስንጥቁ ነው የሚያተርፋቸው። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያለው የሐረር ባህላዊ ቤት (ጌ ጋር) ገብቶ ያረፈ ሰው ይህን በቆዳው ያውቀዋል። ውጭ ፀሐይ ሲያቃጥል ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፣ ሌሊት ውጭ ሲበርድ ግድግዳው የቀኑን ሙቀት መልሶ ይሰጣል። ዓለቱም ለዝንቧ እንዲሁ ነው፤ ቀንና ሌሊት ብዙ አይለያይባትም፣ እርጥበቱም አይሸሽም። ከታች ደግሞ ሙቀቱና ድርቀቱ ለደጋ የተፈጠሩትን እነዚህን ሁለት ዝንቦች ይገፋቸዋል። ዓለትና ሽኮኮ ኖረው ከፍታው ካልተስማማ፣ ወይም ከፍታው ተስማምቶ ሜዳው ዓለት ከሌለው፣ ገበያው አይቆምም።

ስለዚህም ቀበቶው ውስጥ ያለ ሁሉ እኩል አይጋለጥም። አንድ ወረዳ ውስጥ ሜዳ ላይ ያለው መንደር ሳይነካ ሁለት ኪሎ ሜትር የማይርቀው ገደል ሥር ያለው ፊቱ ሊቆስል ይችላል። የወረዳ አማካይ ቁጥር ይህንን ይሸፍናል፤ ሁለት መንደር ደምሮ ለሁለት ማካፈል የአንደኛውን ሥቃይ ግማሽ ያደርገዋል፣ ለሌላው ያልነበረውን ይሰጠዋል።

ግራር፣ ኩይሳ፣ አዋሽ

ቀፊራ ላይ የደጋውም የቆላውም ምርት እንዳለ ሁሉ ሌሽማኒያም አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ዘመዱ ካላ አዛር ቆዳን ትቶ ጉበትንና ጣፊያን ይይዛል፤ ካልታከመ ይገድላል። የእሱ ማሳ ቆላ ነው። ሁመራና መተማ ላይ ዝንቧ የምትኖረው በበጋ የሚሰነጠቀው ጥቁር አፈርና ግራር ባለበት ነው። ወደ ኦሞና ሰገን ስትወርዱ ሌላ ዝንብ ሌላ ቤት ይዛለች፤ ኩይሳ ውስጥ ትገባለች። ዓለት፣ የመሬት ስንጥቅ፣ ኩይሳ፦ ሦስቱም ጨለማና እርጥበት የሚይዙ ጎተራዎች ናቸው፤ ዝንቦቹ የየአገራቸውን ጎተራ መርጠዋል።

ለድሬዳዋ የሚቀርበው ታሪክ ግን አዋሽ ሸለቆ ነው። ባቡሩ ከአዲስ አበባ ሲመጣ የሚያቋርጠው ያ ሞቃት ምድር ላይ በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሌሽማኒያ ትሮፒካ የተባለውን ሌላ ዓይነት ከዝንብ ሆድ ለይቶ አወጣ። ደግሞም እዚያው ሌሽማኒያ ኢትዮጲካ ተገኘ፤ ይህም የከፍታ ቀበቶው በሲሚንቶ የተገነባ ግንብ እንዳልሆነ ያስታውሰናል። ትሮፒካን ልብ በሉት። ካቡልና ሐለብ ላይ ሽኮኮ ሳይገባበት ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው እሱ ነው፤ እዚያ የከተማ በሽታ ነው። በሰሜን እስራኤል ጥብርያዶስ አካባቢ ግን ያው ትሮፒካ ሽኮኮ ውስጥ ተገኝቷል። አዳዲስ ሰፈሮች ሲሠሩ ቡልዶዘር ገፍቶ የከመራቸው ቋጥኞች ለሽኮኮዎች ዝግጁ ቤት ሆኑላቸው፤ ሽኮኮዎቹ ወደ ሰፈሩ ጠጉ፣ በሽታውም ተከተለ። በተራራ ወገብ ላይ መንገድ የሚቆርጥና ሰፈር የሚመሠርት መሐንዲስ ሁሉ ይህን ቢያውቀው እመኛለሁ። የድንጋዩን ክምር የት እንደሚጥለው የጤና ጥያቄ ነው።

ይዞት የሚወርደው ሰው

አሁን ወደ ድንቹና ወደ ማሳው እንመለስ። ፊቱ ላይ ቁንጭር ያለበት ሰው ጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ ቀፊራ ቢወርድ፣ ጫት ቢሸጥ፣ መጋላ ሰፈር ዘመዱ ቤት ወር ቢያድር በሽታውን ለጎረቤት ያተርፋል? በንክኪ አይተላለፍም፤ አብሮ በመብላትም፣ በመጨባበጥም አይተላለፍም። በዝንብስ? የኢትዮጲካ ዑደት የሚቆመው በሽኮኮው ትከሻ ላይ ነው፤ ሰውየው ቁስሉን ይዞ ይወርዳል እንጂ ሽኮኮውንና ስንጥቁን ይዞ አይወርድም። በ2005 እ.ኤ.አ. ሊቦ ከምከምና ፎገራ ላይ ካላ አዛር ሲፈነዳ ከቆላ እርሻ የተመለሱ የቀን ሠራተኞች ይዘውት እንደመጡ የታሰበው፣ ያ ዓይነት ሰውን ራሱን ማከማቻ ማድረግ ስለሚችል ነው። ሁለቱን ማምታታት አይገባም። ቁንጭር ያለበትን ልጅ ከክፍል ማስወጣት፣ ቁንጭር ያለባትን ነጋዴ መሸሽ ምንም አይከላከልም።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ከንክሻው እስከ ብጉሩ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ያልፋሉ። ብጉሩ እስኪቆስል ሌላ ወራት አለ። ሰውየው ጤና ጣቢያ በሚደርስበት ጊዜ የተነከሰበት ቦታ ከኋላው ቀርቷል። ሞቃት አገር ያለ ባለሙያ ዕለት ዕለት የሚያየው ሽፍታና ፈንገስ ስለሆነ ቅባት ይሰጣል፤ ቅባቱ አይሠራም። ሰውየው ጠበል ይሄዳል፣ ባህል ሐኪም ይተኩሰዋል፣ ጠባሳው በላዩ ጠባሳ ይጨምራል። ጠበሉን አልነቅፍም፤ ሰው ተስፋ ሲያጣ የሚያጽናናው ቦታ ነው። ግን ሁለቱ አይጣሉም፤ ጠበሉንም ተጠምቆ ምርመራውንም ማድረግ ይቻላል። ምርመራው ራሱ ቀላል ነው፤ ከቁስሉ ጠርዝ ትንሽ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ መቀሌ አይደር፣ አዲስ አበባ አለርት ይህን ሕክምና ለዓመታት ሲሰጡ ኖረዋል። ትንሹን ቁስል በፈሳሽ ናይትሮጅን ያቀዘቅዙታል ወይም ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት የተባለውን መድኃኒት ቁስሉ ውስጥ ይወጋሉ፤ ሲሰፋ ደግሞ ለሳምንታት በመርፌ ይሰጣል። መርፌው ያማል፣ ልብንና ጣፊያ አጠገብ ያለውን ቆሽት ሊጎዳ ስለሚችል ክትትል ይፈልጋል። ለተበተነው ዓይነት ደግሞ ብዙ ጊዜ አይበቃም። ስለዚህ በጊዜ መምጣት ትርጉም አለው።

ስለዚህ እዚህ ቆላ ላይ ለሚሠራ ባለሙያ፣ ወር ያለፈው የፊት ቁስል ይዞ ለመጣ ሰው የማቀርባቸው ጥያቄዎች ስለ ቁስሉ አይደሉም። ቁስሉን ዓይኑ ያየዋል። ባለፈው ዓመት የት ነበር የምታድረው? ቤታችሁ ጀርባ ገደል አለ? ማለዳ ዓለቱ ላይ ሽኮኮ ፀሐይ ይሞቃል? ሌሎቹ ልጆችስ ፊታቸው ላይ ጠባሳ አለ?

ከሰዓት በኋላ ቀፊራ ሲቀዘቅዝ ያልተሸጠው ድንች ጆንያ ውስጥ ይመለሳል። ሴቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው ወደ ደንገጎ የሚወጣውን መኪና ይጠብቃሉ። ልጁ እናቱ ጀርባ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል፤ ነጠላው እስከ አንገቱ ሸፍኖታል፣ ፊቱ ውጭ ነው።